የመዝገበ ቃላቱ ረዳት

ሽማግሌው የሞቱት የሳል ሽሮፕ መስሏቸው አንድ ማንኪያ ሙሉ የልብ መድኃኒት ጠጥተው ነው። ጠርሙሱ ላይ በትልልቁ «በጠብታ ብቻ» ተብሎ ተጽፏል። ዕድሜ ልካቸውን መዝገበ ቃላት ሲያዘጋጁ የኖሩ ሰው ሁለት ቃል ማንበብ አቃታቸው ቢባል ማን ያምናል?

ልጃቸው አላመነችም። አባቷን ልትጠይቅ ከመጣች ገና ሁለተኛ ቀኗ ነበር። «መድኃኒቱን የሚይዘው ረዳቱ ነው» አለች ለመርማሪዋ። «ሬሳውን አገኘሁ ያለውም እሱ ነው። ሌላ ምን ትፈልጊያለሽ?»

መርማሪዋ የመዝገበ ቃላቱን አሳታሚ ጠየቀችው። «ረዳቱ ሥራው ምንድን ነው?»

«የታክሲ ረዳት በር ይዞ ይጮኻል፤ የእኛው ደግሞ የቃላት ካርድ ይዞ ዝም ይላል» ብሎ ሳቀ። ሰው እንደሞተ ትዝ ሲለው ሳቁን ዋጠ። «የዚያን ዕለት ከጠዋት ጀምሮ ቢሮዬ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ወጣ።»

ረዳቱን ስትጠይቀው ደግሞ «የታዘዝኩትን እጽፋለሁ» ከማለት በቀር ቃል አልወጣውም።

ሦስቱንም ሽማግሌው በሞቱበት ክፍል ሰበሰበቻቸው።

«የሦስት ዓመት ካርዶች በሙሉ በረዳቱ እጅ የተጻፉ ናቸው» አለች። «አንዷ ብቻ፣ ‹ረዳት› የሚለውን ቃል የያዘችው፣ በሽማግሌው እጅ ናት። መስመር በመስመር ላይ ወጥቶ፣ ከሦስተኛው ቃል በኋላ አትነበብም። እኚህ ሰው ማየት ካቆሙ ቆይተው ነበር።»

አሳታሚው ብድግ አለ። «ምን? የመዝገበ ቃላቱን ውል...»

«ቢያውቁ ኖሮ ያፈርሱት ነበር። ይቀመጡ።»

«ታዲያ ይህን ያወቀው እሱ ብቻ ከሆነ፣ የገደለው እሱ ነዋ!» አለች ልጅቷ።

መርማሪዋ ከቆሻሻ ቅርጫቱ ያነሳችውን ቀይ ክር ጠረጴዛው ላይ አኖረች። «ይህ በልብ መድኃኒቱ ጠርሙስ አንገት ላይ ታስሮ ነበር፤ በጣታቸው እንዲለዩት። የክሩን ትርጉም የሚያውቅ ገዳይ ወደ ሽሮፑ ያዛውረዋል እንጂ በጥሶ አይጥለውም። የሚጥለው ቆሻሻ የመሰለው ሰው ነው። መደርደሪያውን...»

«ይብቃዎት» አላት ረዳቱ። «እኔ ነኝ የበጠስኩት። ጠዋት።»

«ጠዋት እዚህ አልገቡም። አሳታሚው ቢሮ ነበሩ።»

ልጅቷ እጆቿን ታያቸው ጀመር። «የዚያን ዕለት ጠዋት... መደርደሪያውን ስወለውል...» ወደ ረዳቱ ዞረች። «ጋሼ፣ ለምን አልነገርከኝም?»

«ዓይኔ መጥፋቱን ከሰማች ሥራዋን ጥላ ትመጣለች ብለው አስማሉኝ።»

«ከሞተ በኋላስ?»

«ከዚያማ ጭራሽ ምን ብዬ ልንገርሽ?»

መርማሪዋ ቀዩን ክር ከጠረጴዛው ላይ አነሳች።

«አልጠላሁህም» አለች ልጅቷ ቀስ ብላ። «ግን ፊትህን ማየት አልችልም። ሂድልኝ።»

ረዳቱ ኮቱን ከወንበሩ ላይ አነሳ። «እሺ፣ ልጄ» አላት። ወጥቶ በሩን ከኋላው ዘጋው።