የኅዳር ሚካኤል ጭስ

ረቡዕ ኅዳር 12 ቀን 1977 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ የካ በሚገኘው የእርዳታ እህል መረጃ ማዕከል ዘበኛው ሳልህ የኮምፒውተሩን ክፍል ከፍቶ ሲገባ ወንድሜን ገብረ ክርስቶስን ወለሉ ላይ ተደፍቶ አገኘው። ቁስል አልነበረበትም። መነጽሩ እንኳ አልተሰበረም።

ሻምበል ጎበና ለምርመራ ሲደርስ ሰፈሩ ገና በጭስ ታፍኖ ነበር። ኅዳር ሚካኤል እንደ ልማዱ በየደጁ ቆሻሻ ተጠርጎ ይቃጠላል፤ ከእንጦጦ የወረደ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጨመርበታል። ሳልህም ከጎረቤት ጋር ሆኖ በመሥሪያ ቤቱ መስኮት ሥር አቃጥሎ ነበር። ለቀበሌው ካድሬ ይህ በቂ ሆነ።

«አሻጥረኛ ነው። ሲመሽ ለደኅንነት አስረክበዋለሁ» አለ።

እዚያ የገባ ሰው ስንቁ እንደሚመለስ፣ እሱ ግን እንደማይመለስ ሁላችንም እናውቅ ነበር። የሳልህ ሚስት ረሂማ በሩ ላይ ተቀምጣ ነጠላዋን ትነክሳለች። እኔም አስከሬኑን ልወስድ መጥቼ ከአጠገቧ ቆሜ ነበር።

«እስኪመሽ ድረስ የእኔ ነው» አለ ጎበና።

ክፍሉ ከጣሪያው ሥር ጭስ የሚለይ መሣሪያ፣ ከጎኑ ደወል፣ ጥግ ላይ ደግሞ ቀይ የጋዝ ሲሊንደር ነበረው። ጭስ ሲገባ ደወሉ ይጮኻል፤ ሰው እስኪወጣ ጥቂት ይቆይና ጋዙ ክፍሉን ሞልቶ እሳቱን ያፍናል። ውስጥ የቀረ ሰው ካለ እሱንም ያፍናል። የሲሊንደሩ መርፌ ዜሮ ላይ ነበር። ጎበና ወንበር ላይ ወጥቶ ደወሉን ዳበሰ። በመምቻውና በቃጭሉ መካከል የታጠፈ ነጭ ጨርቅ ተሸጉጧል።

መጀመሪያ ሳልህን አስጠራ።

«ደወል ሰምተዋል?»

«ብሰማማ በሩን በጥርሴም ቢሆን እከፍተው ነበር፣ ልጄ።»

«በበዓል ቀን ለምን መጣ?»

«ይመጣል ያለ ሰው አልነበረም። ‘ሚካኤልን ተሳልሜ ስመለስ ሥራዬ ትዝ አለኝ’ አለኝ። ‘ጋሽ ሳልህ፣ በጭሱ ደወሉ ቢጮኽ እንዳትደነግጥ፣ ሮጬ እወጣለሁ’ ብሎ ሳቀ። እኔም ‘አውቶቡስ በየቀኑ የሚያመልጥህ ሰውዬ፣ የት ታውቅና ነው የምትሮጠው!’ አልኩት።» ሳልህ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

«ሲሊንደሩን ማን አስሞላው?»

«ጓድ አካሉ። በጥቅምት ወር አንድ እሑድ እኔና እሳቸው ተሸክመን አስገባነው። ‘ለማንም እንዳትናገር’ አሉኝ።»

አካሉ የማዕከሉ ኃላፊ ነው። ሲገባ ላብ አጥምቆት ነበር።

«እሑድ ለምን ሆነ፣ ጓድ አካሉ?»

«ዓመት ሙሉ ባዶ ነበር፣ ጓድ ሻምበል። ባመለክት ‘እስከ ዛሬ የት ነበርክ?’ እባላለሁ። እና… ዝም ብዬ አስሞላሁት።»

«ሠራተኞቹስ?»

«ባዶ መሆኑን ያውቁ ነበር። መሞላቱን አልነገርኳቸውም።»

የቀረችው ፕሮግራም ጸሐፊዋ ብዙነሽ ነበረች። ጎበና ከወንድሜ ጠረጴዛ ላይ ያነሳውን የታተመ ፕሮግራም ዘረጋላት። አንድ መስመር በቀይ ተሰምሮበታል። ከዳሩ በወንድሜ እጅ «አይቶ ዝም ማለት ምን የሚሉት ፍተሻ ነው?» ተብሎ ተጽፏል።

«ይህ ምንድን ነው፣ እህቴ?»

«ዲስኩ ላይ ያለው፣ ለየመጠለያው የሚጫነው እህል መዝገብ መበላሸት አለመበላሸቱን የሚፈትሽ ነው። የመዝገቡን ቁጥሮች ይደምርና ቀድሞ ከተቀመጠው ድምር ጋር ያስተያያል።»

«ሁለቱ ካልገጠሙ?»

«ቆሞ መናገር ነበረበት።»

«እዚህ ግን?»

«ያልፈዋል።»

«እንዲያልፍ ያደረገው ማነው?»

«እኔ ነኝ።» ድምጿ ወረደ። «በቆመ ቁጥር ‘ማን አበላሸው?’ እየተባለ ሰው ይጠራል። አምና ኅዳር ሚካኤል ጭሱ ደወሉን ሲያስጮኸው ተረኛው ገብረ ክርስቶስ ነበር። አሻጥር ተብሎ ታሰረ። ሲፈታ ቀበቶው ሁለት ጊዜ ይዞረው ነበር።»

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሁሉንም ደወሉ ሥር ሰበሰባቸው። ካድሬውም መጣ።

«ሟቹ ክፍል ውስጥ እያለ ወንበር ላይ ወጥቶ ደወል የሚያፍን የለም። ጨርቁ ከእሱ በፊት ገብቷል» አለ ጎበና። «ራሱ አላስገባውም፤ ደወሉ ይጮኻል ብሎ ይጠብቅ ነበር። እንደሚመጣም ያወቀ አልነበረም። ስለዚህ ጨርቁን የሸጎጠው ሰው ማንንም ሊገድል አላሰበም፤ የፈለገው ጸጥታ ነው።»

«ጸጥታ የፈለገው ይሄ ዘበኛ ነዋ!» አለ ካድሬው።

«ሳልህና ጓድ አካሉ ሲሊንደሩን በትከሻቸው ተሸክመውታል። መሞላቱን የሚያውቅ ሰው ደወሉን ብቻ አፍኖ አይሄድም፤ ጋዙንም ይዘጋል። አለዚያ በማግስቱ መርፌው ዜሮ ላይ ወርዶ ያጋልጠዋል። ደወሉን ያፈነው ሰው አምና የጮኸውን ያስታውሳል፤ ሲሊንደሩን ግን ዛሬም ባዶ ነው ብሎ ያምናል።» ወረቀቱን አነሳ። «ይህን ፕሮግራም ተመልከቱ። ዓይኑ ደህና ነው፤ የተዘጋው አፉ ነው። ደወሉም እንደዚያው ነው። ጭሱን የሚለየው መሣሪያ አልተነካም፤ ጋዙም አልተነካም፤ የታፈነው ድምፁ ብቻ ነው። የአንድ ሰው ሥራ ነው።»

ሁሉም ወደ ብዙነሽ ዞሩ።

«የዲስክ ማጽጃ ጨርቄ ነው» አለች። «ትናንት ስወጣ አስገባሁት። ደወሉ ከጮኸ እንደገና እሱን ነበር የሚወስዱት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድምህን ከዚህ ልጠብቀው ብዬ ነው።»

አካሉ ቀስ ብሎ ወደ በሩ ሲያፈገፍግ ጎበና ጠራው።

«እርስዎም አብረው ሸጉጠዋል፣ ጓድ አካሉ። የእርስዎ ጨርቅ አይታይም እንጂ።»

«ታዲያ አሻጥር አይደለም?» አለ ካድሬው።

«አይደለም። አሻጥር የምትለዋን ቃል መፍራት ነው።»

ብዙነሽ ከመወሰዷ በፊት አንድ ነገር ለመነች፤ ያችን በቀይ የተሰመረባትን መስመር፣ ፕሮግራሙ ቆሞ እንዲናገር አድርጋ እንድትመልስ። ጎበና አጠገቧ ቆሞ ጠበቃት።

ሳልህ በዚያው ምሽት ከረሂማ ጋር ቤቱ ገባ። ብዙነሽ አራት ዓመት ተፈረደባት። አካሉ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛወረ።

ሐሙስ ጠዋት ፕሮግራሙ ሲነሳ ገና ከጅምሩ ቆመ፤ መዝገቡ ከተበላሸ ወዲህ እህል ያልተጫነለትን የአንድ የረሃብተኞች መጠለያ ስም አተመ። ዓርብ ዕለት መኪናዎች ተላኩ።