ወደ ላንጋኖ የተጫነው ሥጋ

«ቀስ በል! ባልዲው እንዳይደፋ!» ሄርሜላ ወንድሟ ላይ ጮኸች።

ዓምሃ የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ትልቁን ባልዲ ከከሰሉ ማዳበሪያ አጠገብ እያመቻቸ ነበር። ክዳኑ ሸርተት ሲል የሄርሜላ ጓደኛ ሙኒያ ውስጡን አየችው። ጥሬ ሥጋ ነው፣ ያውም እስከ አፉ የሞላ! የቁስቋም ሰፈር የጠዋት ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እሷን ግን ክው ያደረጋት ብርዱ አይደለም።

ታኅሣሥ ነው፣ የነቢያት ጾም። የሄርሜላ እናት እትዬ ብርቅነሽ ደግሞ በጾም እንኳን ሥጋ፣ ቅቤ የነካው ማንኪያ ቤታቸው ሲዞር አይወዱም። ሙኒያ ሙስሊም ብትሆንም ይህን አሳምራ ታውቃለች። በክፍል ጓደኛዋ ቤት ስንት ጾም የጾም ወጥ በልታለች! እሳቸው ባሉበት ጉዞ ይህ ባልዲ እንዴት ይጫናል?

«ሄሪ፣ እትዬ ብርቅነሽ የት አሉ?»

«ኪዳን ሄዳለች። ሳትመለስ እንውጣ፣ ሥጋውን ካየች አለቀልን። ላንቺ ዓሣ እናስጠብስልሻለን፣ አታስቢ።»

«አብረውን አይሄዱም እንዴ?»

ሄርሜላ ወዲያ ወዲህ አየች። «እ... ማለቴ፣ አትመጣም። መጀመሪያውንም አልነበረችበትም። እናትሽ እንዲለቁሽ ብዬ ነው አለች ያልኳቸው። ላንቺ ብዬ እኮ ነው!»

«ታዲያ ማን ማን ነው የሚሄደው?»

«እኛና ዓምሃ። ሁለቱን ጓደኞቹን ሳሪስ ላይ እናነሳቸዋለን። ጨዋ ልጆች ናቸው። አታካብጂ በቃ!»

ጉድ ፈላ! የሙኒያ እናት ረይሃና ሽሮ ሜዳ ጋቢና ነጠላ ትሸጣለች፤ እንኳን ላንጋኖ፣ እንጦጦም ብቻዋን አትለቃትም። ትናንት የተሸነፈችው ሳምንቱን ሙሉ ስትለመን ከርማ ነው። «ብርቅነሽ ካለች ልቤ ያርፋል» አለች። «ደግሞም ጾማቸው ነው፤ ስለ ሥጋውም አላስብም። ስትደርሱ ደውዪና ስልኩን ስጫት፣ ላመስግናት።»

ላመስግናት! ሙኒያ ምን ልትል ነው? ተኝተዋል? ውሃ ዳር ወርደዋል? እናቷ ደግሞ ድምፃቸውን ካልሰማች አትተኛም፣ ደግማ ደጋግማ ትደውላለች። ያቺ የሚያርፉባት የሐይቅ ዳር የእንጨት ቤት ግን ከዓይኗ አልጠፋ አለች። ሄርሜላ የቤቱን ፎቶ ካሳየቻት ወዲህ፣ ጠዋት መስኮቷን ከፍታ ሐይቁን ስታይ በሐሳቧ ስንቴ ኖራዋለች። ደብረ ዘይትን እንኳን ያየችው በአውቶቡስ መስኮት ነው። ዝም ብላ ብትገባስ? ማን ያያል?

«ትገባለች አትገባም?» አለ ዓምሃ ሞተሩን እያስነሳ።

ሄርሜላ የሙኒያን ክንድ ያዘች። «ሙኒ፣ በናትሽ። ሁለት ቀን እኮ ነው። አሁን ብትነግሪያቸው እኔን በምን ዓይን ያዩኛል? ሁለተኛ ቤታችሁ አልገባም ማለት ነው።»

ሙኒያን ይህም አሳዘናት። ሄርሜላን ትወዳታለች፤ የተናደደችባትም ስለምትወዳት ነው። «ሳትነግሪኝ እናቴን ለምን ዋሸሻት?» አለች።

ሙኒያ ልቧ ሳይከዳት በፊት ስልኳን አውጥታ ደወለች።

«ወዬ፣ ሙኒዬ! ወጣችሁ?» አለች ረይሃና። ከኋላዋ ገበያተኛ ሲከራከር ይሰማል።

«አልወጣንም። እማ... እትዬ ብርቅነሽ አይሄዱም። የዓምሃ ጓደኞች ናቸው የሚሄዱት። እኔም አሁን ነው ያወቅኩት፣ ወላሂ።»

ሙኒያ ጩኸቱን ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች። ጩኸት ግን አልመጣም።

«እና አንቺስ?» አለች እናቷ ረጋ ብላ።

ዓምሃ ጥሩምባውን ነፋ። ሄርሜላ የመኪናውን በር እንደከፈተች ቆማ ታያታለች፣ ከጎኗ ያለው ወንበር ባዶ ነው።

«እኔ ወደ ሱቅሽ እየመጣሁ ነው፣ እማ» አለች ሙኒያ፤ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወስደውን ቁልቁለትም ተያያዘችው።