ከወረቀት ላይ የማይነሳ ቁልፍ

ሥራዋ ፎቶ ቤት ውስጥ አልበም ማሰናዳት ነበር። የደንበኛን ፎቶ ኮምፒዩተር ላይ በየገጹ ትደረድራለች፤ ዙሪያውን በሪባን፣ በደረቀ አበባ፣ በልብስ ቁልፍ ምስል ታስጌጣለች። የታወቀችው ግን በጥላ ነው። ገጹ ላይ ለተለጠፈ ነገር ቀጭንና ጠቆር ያለ፣ ጫፉ ብድግ ላለ ፎቶ ሰፋና ደብዘዝ ያለ ጥላ ታበጅለታለች። ያየ ሁሉ በእጄ ካልነካሁ ይላል።

አንድ ቀን አንድ አናጢ የእናቱን የቆዩ ፎቶዎች በፖስታ ይዞ መጣ። እናቱ መርሳት ጀምረዋል፤ አልበሙን ሲያዩ አንድ ነገር ትዝ ቢላቸው ብሎ ነው። አጠገቧ ተቀምጦ ሥራዋን ሲመለከት ቆየ።

«እህቴ፣ አትቀየሚኝና፣ ፎቶው ላይ ብርሃኑ የሚመጣው ከግራ ነው» አላት። «የአበባሽ ጥላ ደግሞ ወደ ግራ ወድቋል።»

አምስት ዓመት ስትሠራ ይህን ያላት ሰው አልነበረም። ጥላውን ወደ ቀኝ አዞረችው። ሁለቱም ስክሪኑን አዩ፣ ከዚያ ተያዩ። ቀድማ ዓይኗን የሰበረችው እሷ ነች።

በሁለት ቀን የሚያልቀው ሥራ ወር ፈጀ። እሱ ምክንያት እየፈለገ ይመጣል፤ እሷም ምክንያቱን አትመረምርም። አንድ ቀን እናቱ ከልጅነት ሸሚዙ ቆርጠው ያስቀመጡትን ቁልፍ አመጣላት። መስኮት አጠገብ ፎቶ አንስታ ገጹ ላይ አኖረችው። ጥቁር ጥላ ውሸት ይመስላልና ጥላውን ቡናማ አደረገችው፤ ስታሰፋ ስታጠብ ግማሽ ቀን ዋለች። አለቃዋ፣ ይህን ቁልፍ ልታገቢው ነው እንዴ ብለው ሲቀልዱባት፣ የደነገጠው አናጢው ነበር።

አልበሙ የታተመ ዕለት አብራው ቤቱ ሄደች። እናቱ ገጽ ሲገልጡ ቁልፉን አዩ። ሊያነሱት ሞከሩ፣ አልነሳ አላቸው። በጥፍራቸው ደጋግመው ቧጠጡት፤ ዓይናቸው እንባ ሞላ። አናጢው እውነተኛውን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ መዳፋቸው ላይ አስቀመጠ። ወረወሩት።

«አንተ ሰው፣ እባክህ ይኼንን አንሳልኝ» አሉት ገጹን እያሳዩ። «ልጄ ትምህርት ቤት ሊሄድ ነው፤ ሸሚዙ ቁልፍ የለውም።»

አናጢው የእናቱን እጅ ያዘ። ሌላ የሚያደርገው ነገር አልነበረም። እሷም በሩ አጠገብ ቆማ ታያቸው ነበር።

በማግስቱ ያንን ሁሉ ጥላ አንድ በአንድ አጠፋች። አልበሙ ደረቅና ዝርግ ሆኖ እንደገና ታተመ፤ እናቱም በሰላም ይገልጡት ጀመር። የልጃቸውን ፎቶ ለራሱ ለልጃቸው እያሳዩ፣ ልጄ ነው ይሉት ነበር።

ከዚያ በኋላ፣ ሩቅ ከተማ የምትኖር ታላቅ እህቱ እሱንና እናቱን ጠራቻቸው። እዚያ የሚያግዝ ሰው አለ፣ እዚህ ግን ብቻውን ነው። እናቱ ደግሞ እጁን ካልያዙ አይተኙም። እንቢ የሚልበት መንገድ አጣ። የአልበም ሠሪዋ ታናናሾችም ገና ተማሪዎች ናቸው፤ ከእሷ በቀር ሰው የላቸውም።

«ጠብቂኝ ብዬ ላስርሽ አልችልም» አላት።

«አውቃለሁ» አለች።

በሄዱበት ጠዋት እናቱን ደግፋ መኪና ውስጥ አስገባቻቸው። እጇን ያዙና አልለቅ አሉ።

«አንቺስ አትመጪም?» አሏት።

አናጢው ሊጠይቃት ያልደፈረው ይህንኑ ነበር። ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

«እመጣለሁ እማማ» አለች፤ ዓይኗ ግን እሱ ላይ ነበር። እንደሰማት ከትከሻው አወቀች።

ሦስት ዓመት አለፈ። እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ፤ ስለ እናቱ ጤና፣ ስለ ታናናሾቿ ትምህርት ያወራሉ። እሱም አላገባ፣ እሷም አልሄደች።