የማይዘጋው የውሃ በር

ማንግ ፓኖ ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለከተማው ሹማምንት ሲጽፉ ኖረው፣ ሹማምንቱ ሊሰሟቸው ቀጠሮ በያዙበት ቀን ሞተው ተገኙ።

ሬሳቸውን ያየችው ዓሣ ሻጭ ናት። እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ ጋብ ሲል ትሪዋን ተሸክማ ድልድዩን ስታቋርጥ፣ ከምሰሶው ሥር፣ በእንቦጭና በፕላስቲክ ጠርሙስ መካከል አንድ ሰው በግንባሩ ተደፍቶ አየች። የለበሰው ቢጫ የዝናብ ካፖርት ነው። በሳን ቴሌስፎሮ ቀበሌ ቢጫ ካፖርት የሚለብሱት ማንግ ፓኖ ብቻ ስለነበሩ፣ ሴትዮዋ ፊታቸው እስኪገለበጥ ሳትጠብቅ ስማቸውን እየጠራች ጮኸች።

ኢንስፔክተር ሶኮሮ ማግባኑዋ ስትደርስ ሬሳው ገና አልወጣም። ሶኮሮ ሃምሳ ዓመት ያለፋት፣ ግራ ጉልበቷን የሚያማት፣ ሰው ሲያወራ ዓይኑን ሳይሆን እጁን የምታይ ሴት ናት። የቀበሌው ሊቀመንበር ሮዳንቴ ኪላንታንግ ጃንጥላ ዘርግቶ እየጠበቃት ነበር።

«አደጋ ነው ኢንስፔክተር» አለ ገና ሳትጠይቀው። «ሽማግሌው በየቀኑ ከድልድዩ በላይ እዚያ መለኪያው እንጨት ጋ እየሄዱ የውሃውን ከፍታ ይመዘግባሉ። ስንቴ ተው ብያቸዋለሁ! ዛሬ አዳለጣቸው፣ ውሃው እየገፋ እዚህ አደረሳቸው። ምኑ ነው የሚወሳሰበው?»

«ውሃው ወደየት ነው የሚሄደው?»

«ወደ ባሕር ነዋ! ውሃ ሽቅብ ሲወጣ አይተው ያውቃሉ?»

ሶኮሮ ወደ ቦዩ ተመለከተች። አንድ ባዶ ጠርሙስ ከባሕሩ አቅጣጫ ቀስ እያለ መጥቶ በድልድዩ ሥር አለፈና፣ መለኪያውን እንጨት ተሻግሮ ወደ መንደሩ ውስጥ ገባ። ሬሳውም የተሸጎጠው ባሕሩን በሚያየው የምሰሶ ጎን ነበር።

«የዛሬው ስብሰባ ምን ይሆናል?»

«ነገ ስምንት ሰዓት እናደርገዋለን። መሐንዲሱ ከከተማው ድረስ መጥቷል። በጸሎት እንጀምራለን እንግዲህ» አለ ሮዳንቴ፤ እጁ የጃንጥላውን እጀታ ይፈትላል። «እኔና እሳቸው ብንጨቃጨቅም ጠላት አልነበርንም።»

ሐኪሙ ከሰዓት በኋላ ደውሎ የነገራት ሦስት ነገር ነው። ሰውየው ውሃ ውስጥ ሲገቡ በሕይወት ነበሩ። ከጆሯቸው በላይ ከግጭት የመጣ የሚመስል ቁስል አለ። በጥፍራቸው ሥር ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ተገኝቷል። «የሆነ ነገር አጥብቀው ይዘው ነበር» አላት። «ይዘው ነበር፣ ግን አመለጣቸው።»

መለኪያው እንጨት ቀይና ነጭ ነው። አረንጓዴ ፍለጋ የወጣ ሰው ግን በሳን ቴሌስፎሮ መከራውን ያያል፤ ሮዳንቴ በምርጫው ሰሞን ለየቤቱ ያደለው ቀለም አረንጓዴ ነበርና።

ከድልድዩ የባሕሩን ሙላት ሊያግድ እስከ ተሠራው የብረት የውሃ በር ድረስ፣ ባሕሩ በሚቀርበው በኩል፣ ውሃው ዳር ሦስት ቤት ብቻ አለ፦ የሮዳንቴ የበረዶ መጋዘን፣ የፓምፑ ክፍልና በእንጨት እግር ውሃው ላይ የቆመው የባልቴቷ የአሊንግ ኒዳ ቤት። ሌሎቹ ሃያ ስድስት የውሃ ላይ ቤቶች ከድልድዩ በላይ ናቸው።

የፓምፑ ሠራተኛ ቴምዮ አርባ ዓመት የሞላው፣ ሲናገር ጉሮሮውን የሚጠርግ ቀጭን ሰው ነው። ሶኮሮ ስትገባ መዝገቡን አስቀድሞ ገልጦ አስቀምጦላታል። «ሁለት ሰዓት፤ በሩ ተዘግቷል፤ ፓምፑ ይሠራል» ይላል። ከላይ ያለው መስመርም እንዲሁ ይላል፤ የባለፈው ሳምንትም፣ የባለፈው ወርም።

«በሩን ራስህ ነህ የዘጋኸው?»

«አዎ ማም። እንደ ተጻፈው ነው።»

«እኔ የጠየቅኩህ የተጻፈውን አይደለም።»

ቴምዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ማም፣ ሦስት ልጅ አለኝ» አለ።

የፓምፑ ክፍል በር አረንጓዴ ነው። የሮዳንቴ ጀልባም አረንጓዴ ነው። አሊንግ ኒዳ ቤት ስትገባ ደግሞ ወለሉ ላይ አረንጓዴ መሰላል ተጋድሞ አገኘች። ከመሰላሉ አጠገብ ወደ ውሃው የሚያወርደው የወለል ክዳን አለ። አሊንግ ኒዳ ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ዓይናቸው በልቅሶ አብጧል፤ እሩዝና የደረቀ ዓሣ ቀርቦላቸው አልነኩትም። ካቻምና ሌሊቱን የገባው ሙላት የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን ከዚሁ ቤት ወስዶባቸዋል። የማንግ ፓኖ ቀኝ እጅ የሆኑትም ከዚያ ወዲህ ነው።

«መሰላሉን ለምን አወጡት?»

«ሙላት ሲመጣ ይወስደዋል ልጄ።»

«ማንግ ፓኖ ከተማውን የጠየቁት ምን ብለው ነበር?»

«በሩ ይጠገን፣ ቦዩ ይጠረግ። አለቀ! አራት መቶ ዐሥራ ሁለት ሰው ፈርሟል። ግማሹን በዚህ እግሬ ዞሬ ያስፈረምኩት እኔ ነኝ።»

«ዛሬ አገኟቸው?»

«ትናንት ነው የተለያየነው። ዛሬ ጠዋቱን ልብስ ሳጥብ ነው የዋልኩት። መልካም ሰው ነበሩ፤ እንደሳቸው ያለ ወንድም የለኝም።»

«ነገ ስብሰባው ይቀጥላል ተብሏል።»

አሊንግ ኒዳ በንዴት ሳቁ። «ይቀጥል! ምን ሊያመጡ? ሀብታም በሲሚንቶ ቦዩን ሲያጠብ አላዩም። የድሃ ቤት ሲደርሱ ሜትር ይዘረጋሉ፤ ሦስት ሜትር በዚህ፣ ሦስት ሜትር በዚያ! ለእነሱ መጻፍ ለድንጋይ መዘመር ነው።»

ሶኮሮ የሴትዮዋን እጅ አየች። ቀኝ መዳፋቸው ላይ ስንጣሪ የላጠው ትኩስ ቁስል ነበር። አሊንግ ኒዳ እጃቸውን ቀሚሳቸው ውስጥ ከተቱት።

ማምሻውን ሶኮሮ የቀበሌውን ጸሐፊ አነጋገረች። በዚያው ጠዋት ከከተማው አንድ የታሸገ ደብዳቤ መጥቶ ነበር። ጸሐፊዋ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ለማንግ ፓኖ አስፈርማ ሰጠቻቸው። «እዚሁ ቢሮው በር ላይ ቀደው አነበቡት» አለች። «ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር። ግን ቁጭ አሉ። ከዚያ ደብዳቤውን ኪሳቸው ከተው ወደ ድልድዩ ሄዱ።» ሊቀመንበሩስ አይቶት ነበር? «ሊቀመንበሩ? በረዶ ሲያስጭን ነበር። እኔም እንኳ ምን እንደሚል አላውቅም።» ደብዳቤው ሬሳው ኪስ ውስጥ አልተገኘም።

በነጋታው ሶኮሮ የደብዳቤውን ቅጂ ፍለጋ ወደ ከተማው ጽሕፈት ቤት ሄደች። መስኮት አራት ወደ መስኮት ዘጠኝ ላካት፤ ዘጠኝ ወደ ሁለተኛ ፎቅ፤ ሁለተኛ ፎቅ መልሶ ወደ መስኮት አራት። የፖሊስ ልብስ ለብሳ ይህን ያህል ካንከራተቷት፣ ማንግ ፓኖን በዐሥራ አንድ ዓመት ምን ያህል አንከራተዋቸው ይሆን እያለች ጉልበቷን እያሻሸች ጠበቀች። ቅጂው በመጨረሻ ሲመጣ ቆማ አነበበችው፤ ከዚያ እንደገና አነበበችው።

ስምንት ሰዓት ላይ ሕዝቡ በቅርጫት ኳስ ሜዳው ጣሪያ ሥር ተሰበሰበ። ጸሎቱ ሲያልቅ ሶኮሮ ተነሥታ ከመሐንዲሱ ጠረጴዛ ፊት ቆመች። ሮዳንቴ፣ ቴምዮና አሊንግ ኒዳ ከፊት ረድፍ ላይ ናቸው።

«ስለ አሟሟታቸው የምናገረው አለኝ» አለች። «መሐንዲስ፣ ይቅርታ፤ የዚህ ቀበሌ የውሃ በር ይሠራል?»

መሐንዲሱ ፋይሉን ገለጠ። «ከሦስት ዓመት በፊት ተጠግኗል። በሊቀመንበሩ ፊርማ ተረክበናል።»

«በሩ የሚዘጋ ከሆነ የባሕር ሙላት ቦዩ ውስጥ አይገባም። ፓምፑም ውሃውን ወደ ባሕር ይስባል። ያን ጊዜ ከመለኪያው እንጨት የወደቀ ሰው ቁልቁል ሄዶ ድልድዩ ላይ ይያዛል። ይህ አደጋ ነው። ማመልከቻቸውም ይዘጋል፤ እኛም ወደ ቤታችን እንሄዳለን።» ዞር አለች። «ቴምዮ፣ በሩ ይዘጋል?»

ቴምዮ ሮዳንቴን አየ። ሮዳንቴ ጫማውን አየ።

«ተናገር እንጂ አንተ ሰው!» አለች ዓሣ ሻጯ ከኋላ። «ቤታችን ውስጥ ስንዋኝ አላየህም?»

ቴምዮ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሰንሰለቱ ከተበጠሰ ዐሥራ ሁለት ዓመቱ ነው» አለ። «ከዚያ ወዲህ ተዘግቶ አያውቅም ማም። ጻፍ ስባል እጽፋለሁ።»

ጫጫታው እስኪበርድ ሶኮሮ ጠበቀች።

«እንግዲያው ትናንት ጠዋት የባሕር ሙላት እየገባ ነበር ማለት ነው። ጠርሙስ ሽቅብ ሲሄድ በዓይኔ አይቻለሁ። ማንግ ፓኖ ከመለኪያው ቢወድቁ ውሃው ወደ መንደሩ ይወስዳቸው ነበር እንጂ ወደ ድልድዩ አይመልሳቸውም። ሬሳው ባሕሩን በሚያየው ጎን የተያዘው ከታች በኩል ስለመጣ ነው። ከታች ያለው ሦስት ቤት ነው። ሦስቱን የያዙት ሰዎች ፊቴ ተቀምጠዋል።»

ሮዳንቴ ብድግ አለ። «እኔን ነው የሚሉኝ?»

«ይቀመጡ። የሐሰት ፊርማዎን ለመሸፈን አደጋ ነው ብለዋል፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። ጥፍራቸው ሥር አረንጓዴ ቀለም ተገኝቷል፤ ሦስታችሁም ዘንድ አረንጓዴ አለ። ስለዚህ ቀለሙ ብቻውን ማንንም አይከስም።» ከኪሷ ቅጂውን አወጣች። «ማንግ ፓኖ በሞቱበት ጠዋት ይህን መልስ ተቀብለው ነበር። ከተማው ቦዩን ለማስጠረግ ተስማምቷል። ለዚህም ከሁለቱም ዳር በሦስት ሜትር ውስጥ ያለ ቤት ሁሉ ይፈርሳል ይላል። ማመልከቻው ስለ ቤት አንድ ቃል አልጠየቀም። ደብዳቤው የመጣው ታሽጎ ነው፤ ጸሐፊዋ አላነበበችውም፣ ሊቀመንበሩ አላየውም፣ ከሬሳው ላይ ጠፍቷል። ትናንት ከሰዓት ግን አንድ ሰው ‹ሦስት ሜትር በዚህ፣ ሦስት ሜትር በዚያ› ብሎ ነገረኝ። ያን ጠዋት ማንግ ፓኖን አላገኘሁም ያለ ሰው።»

አሊንግ ኒዳ አልካዱም። ከጎናቸው የተቀመጡት ሴቶች ወንበራቸውን ቀስ አድርገው ሲያርቁ ሰምተው ቀና አሉ።

«መጀመሪያ እኔ ጋ ነው የመጡት» አሉ። «‹ኒዳ፣ ካንቺ መደበቅ አልችልም› ብለው አነበቡልኝ። ይቅደዱት አልኳቸው። ለመንኳቸው፤ እግራቸው ላይ ወደቅሁ። ‹በሩ ካልተጠገነ ሌላ ሕፃን ይሞታል፤ ስብሰባው ላይ አነበዋለሁ፣ ስለ ቤቶቹም እንከራከራለን› አሉኝ። ከእነማን ጋር ነው የምንከራከረው? በሩን ብንጠይቃቸው ቤታችንን ከሚወስዱ ሰዎች ጋር! ልጅቷ የሞተችበት ቤት ነው። ወዴት ልሂድ?»

«ከዚያስ?» አለች ሶኮሮ በለሆሳስ።

«ደብዳቤውን ነጥቄ ገፋኋቸው። ክዳኑ ክፍት ነበር። ሲወድቁ ራሳቸው ከእንጨቱ ጋር ተጋጨ። ከዚያ መሰላሉን ያዙ።» አሊንግ ኒዳ የተላጠ መዳፋቸውን ዘርግተው አዩት። «‹ኒዳ፣ እጅሽን› አሉኝ። እኔ መሰላሉን ሳብኩት።»

ከሜዳው ጥግ አንድ ሰው ማልቀስ ጀመረ። መሐንዲሱ ፋይሉን ዘግቶ ወደ ሶኮሮ ጠጋ አለ።

«ኢንስፔክተር፣ ያ የበሩ ነገር ሪፖርትዎ ውስጥ መግባት አለበት? ለወንጀሉ ያን ያህል አስፈላጊ አይመስለኝም።»

«ያለ በሩ ወንጀልም የለም» አለችው። ጻፈችውም።

ቴምዮ በሳምንቱ ከሥራ ተባረረ፤ ምክንያቱ «ሐሰተኛ መዝገብ መያዝ» ይላል። ሮዳንቴ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው። በመስከረም የከተማው ሠራተኞች መዶሻና ጭነት መኪና ይዘው መጡ። ባለቤቱ ስለሌለ የመጀመሪያው የፈረሰው የአሊንግ ኒዳ ቤት ሆነ። ሃያ ስድስቱም ተከተሉ። ቦዩ ተጠረገ፤ ሙላቱም አሁን የሚያግደው ስላጣ ቀድሞ ከሚደርስበት ሁለት ጎዳና አልፎ ይገባል።

ሶኮሮ የክሱን ወረቀት ልታስፈርም ወደ ሴቶች እስር ቤት ስትሄድ፣ አሊንግ ኒዳ እያንዳንዱን ገጽ አንብበው ፈረሙ።

«ቤቱስ?» አሉ ብዕሩን እየመለሱ።

«ፈርሷል።»

«በሩን ሠሩት?»

«ገና ነው። የጥገና ማመልከቻው አመልካቹ በሞት ስለተለዩ ተዘግቷል። በአዲስ ሰው ስም መቅረብ አለበት ብለዋል።»

አሊንግ ኒዳ የፈረሙትን ወረቀት ወደ ሶኮሮ ገፉላት። «እና ማን ጻፈ?»

«ማንም አልፈረመም» አለች ሶኮሮ። «ሰው ፈርቷል።»