መብራቱን እፍ ያለው ንጉሥ

«ወይናሞች ናቸው የሰረቁት» አለች ደጊቱ፣ ጠዋት ውሃ ስትቀዳ።

«ወይናሞች ናቸው» አለች ከሰዓት በኋላም፣ የሞተች ፍየሏን ከሐይቁ ዳር እየጎተተች። አመሻሽ ላይ ለጎረቤት፣ በማግስቱ ለነጋዴ፣ ሰው ሲጠፋ ለዶሮዎቿ ያንኑ ደገመችው። አዋጅ ነጋሪው በየገበያው ነጋሪት እየጎሰመ የዘራውን ወሬ እሷ በየደጁ ታዳርስለት ነበር፤ ያውም ያለ ደመወዝ።

በናሆራ ምድር፣ ከኤልሞራ ሐይቅ ግርጌ፣ ገሞራድ የሚባል ዘንዶ ከፍጥረት ጀምሮ ተኝቶ ይኖራል። እሳት አይተፋም። እሳት ቢተፋማ ሰው አይቶ ይሸሸው ነበር። የገሞራድ ትንፋሽ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከባድ ነውና እንደ ውሃ ቁልቁል ይፈስሳል፤ እንደ ውሃም ከዝቅተኛው ይጀምራል። ፍየል ከበሬ በፊት ይሞታል፤ ሕፃን ከእናቱ በፊት። ትንፋሹ በወጣ ቁጥር የጥንት ሰዎች ሉል ጨው የሚባለውን ነጭ ማዕድን ከዳር ሆነው በሐይቁ ላይ ይበትኑ ነበር፤ ትንፋሹም ድንጋይ ሆኖ ይረጋል፣ ዘንዶውም መልሶ ይተኛል። ጨው በንጉሥ ግምጃ ቤት ይጠበቅ ነበር።

ፍየሎች መሞት ሲጀምሩ ግምጃ ቤቱ ተከፈተ። ባዶ ነበር፤ አይጥ እንኳ አልነበረበትም።

ያኔ ነው ጨውን የሰረቁት የጎረቤት አገር ሰዎች፣ ወይናሞች፣ ናቸው የሚለው ወሬ የተወለደው። ንጉሥ አጋዝር ግን በአንድ ወሬ የሚረካ ሰው አልነበረም። «ዘንዶ የለም» አለ። «ካለም ተኝቷል። ከነቃም ያነቁት ወይናሞች ናቸው።» ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ አለው፤ ሹማምንቱም ለሦስቱም አጨበጨቡ።

ደጊቱ ዘምናይት የምትባል ልጅ ነበረቻት። ዘምናይት የቤተ ልክ ተማሪ ነበረች፤ ነፋስን፣ ውሃንና የምድርን ሙቀት ከሚለኩት ሊቃውንት ዘንድ ያደገች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የምትሄድ፣ ምላሷም የተሳለ ምላጭ የሆነ ልጅ። «እማ፣ ወደ ኮረብታው ውጪ» ትላት ነበር። እናቷ ግን ከሐይቁ ዳር ካለችው ጎጆዋ ንቅንቅ አላለችም። «ንጉሡ የለም ያለውን ዘንዶ ፈርቼ ቤቴን ልተው? ምን ይለኛል አገሩ!»

በዚያው ዓመት ሰባቱ ዘውዶች በቃል ሜዳ ለሸንጎ ተሰበሰቡ። አጋዝር ሁሉም ከተቀመጡ በኋላ መጣ፤ ወንበሩ ከሌሎቹ ከፍ እንዲል ሦስት ትራስ አስደረበበት። የደሴቲቱ ንግሥት ባሕር እየዋጠባት ስላለው አገሯ እያለቀሰች ስትናገር እሱ ጥርሱን እየጎረጎረ፣ «ምሳ ገና ነው?» ብሎ ጠየቀ። የጎረጎረውንም ወደ እሷ አቅጣጫ እፍ አለው።

ከዚያ የቤተ ልክ አለቃ አንድማር ተነሡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ቃላቸው ግን አላረጀም። ከሐይቁ ዳር አየር ሞልተው አፉን በሰም የደፈኑትን እንስራ አስመጡ፤ ትንሽ የዘይት መብራትም መሬት ላይ አስቀመጡ።

«ነገሥታት ሆይ፣ በዓይናችሁ እዩ እንጂ በቃሌ አትመኑ» አሉ። የእንስራውን ሰም ፈልቅቀው ባዶ የሚመስለውን እንስራ በመብራቱ ላይ ቀስ ብለው አዘነበሉት። ጠብ ያለ ነገር አልታየም። መብራቱ ግን ተንቀጠቀጠ፣ ሰማያዊ ሆነ፣ ጠፋ። «የገሞራድ ትንፋሽ ይህ ነው። በዳር ያለ ሰው ሁሉ መብራቱን በጉልበቱ ልክ ይስቀል። መብራቱ ሲጠፋ ሕፃናቱን ይዞ ወደ ከፍታ ይሽሽ። የማይችል የቤቱን ስንጥቅ ሁሉ በሰም ይድፈን።»

አጋዝር ከትራሶቹ ላይ ወረደ፤ መብራቱን መልሰው እንዲለኩሱለት አዘዘ፤ ወገቡን ይዞ አጎነበሰና «እፍ!» አለበት።

«አየህ አንድማር? እኔም አጠፋሁት። ታዲያ እኔም ዘንዶ ነኝ?»

ሹማምንቱ እንባቸው እስኪፈስስ ሳቁ። ይህ አያስገርምም፤ ለዚያ ነው የሚበሉት። የሚያቅለሸልሸው የሌሎቹ ነገር ነው። አንዱ ንጉሥ የናሆራን ስንዴ ይፈልጋልና ፈገግ አለ። ሌላው ጎረቤቱ ፈገግ ብሏልና ፈገግ አለ። አንዷ ንግሥት ሰማይ ሰማይ አየች፤ ሰማዩ ላይ ምንም አልነበረም።

በቃል ሜዳ ወግ ኪዳን በማኅተም አይጸናም፤ በጉርሻ ነው። ከዘውዶቹ በዕድሜ የላቀው ለሁሉም ያጎርሳል፤ የዋጠ ታስሯል። የዚያ ቀን ኪዳን ቀላል ነበር፤ ሁሉም ጨው ፍለጋ ወደ ሰርጓል ተራራ ሰው ይልካል፤ የዳር ሰዎችም ወደ ኮረብታ ይወጣሉ። የምታጎርሰው የወይናሟ አሮጊት ንግሥት ሐሊማር ነበረች። አምስቱ ዋጡ። አጋዝር አፉን ከፈተ፣ ተቀበለ፣ አላመጠ፣ ሁሉም እያየው መሆኑን ዞር ዞር ብሎ አረጋገጠ፤ ከዚያም የታኘከውን በንግሥቲቱ መዳፍ ላይ ተፋው።

«የሌባ እጅ ይገማል!»

ንግሥት ሐሊማር መዳፏን እንደዘረጋች ቆየች። ግዙፍ ጠባቂዋ ቤርሳማ ቀርቦ መዳፏን በጋቢው ጠረገላት። ኪዳኑ እዚያው ሞተ።

አጋዝር አገሩ እንደገባ ቤተ ልክን የበቅሎዎቹ ጋጣ አደረገው። በዚያ ሰሞን በቅሎዎቹ በዝተው ነበር፤ ለምን እንደበዙ የጠየቀ አልነበረም። አንድማር መለኪያዎቻቸውን ከፋንድያ ውስጥ እየለቀሙ ሲያጥቡ ታመሙ። በአልጋቸው ላይ ሆነው ያቺን መብራት ለዘምናይት ሰጧት።

«ጨው ከበዛ ከዳር ሆነሽ እንደ ጤፍ ትዘሪዋለሽ፤ ማንም አይጎዳም» አሏት። «ካነሰ ግን ከአፉ ማድረስ አለብሽ። በእጅ።»

«በእጁ ያደረሰ ሰው ተመልሶ ያውቃል?»

«ልጄ፣ እኔ የማስተምረው የለካሁትን ነው። ይህን አልለካሁትም።»

ዘምናይትም መብራቱን በሁለት እጇ ከፍ አድርጋ ማለች፦ «እፍ በተባለብሽ ብርሃን እምላለሁ! ጨው ሳልይዝ ብመለስ ስሜ ከሰው አፍ ይጥፋ! የሳቁት ሲስቁ ይኑሩ፤ የዳር ሕፃናት ግን በሳቃቸው አይሞቱም!»

ስንቋን ልትይዝ እናቷ ቤት በገባችበት ቀን ከውጭ «ቤቶች!» የሚል ድምፅ ተሰማ።

«ማነው?» አለች ደጊቱ።

«ሌባው ነኝ፣ እማማ። ንግሥቴ ልካኝ ልጅዎን ልሰርቅ መጣሁ።»

ቤርሳማ ነበር፤ ጎንበስ ብሎ እንኳ በበሩ አልገባ ያለ ሰው። ደጊቱ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ጨውን የት አደረሳችሁት?»

«እሱን ልፈልግ ነው የምሄደው፣ እማማ። ሌባ የሰረቀውን ሲፈልግ አይተው ያውቃሉ?»

«አፈኛ!» አለች። ሆኖም ሌባም ይርበዋልና እንጀራ በወጥ ጠቅልላ አንድ ጉርሻ አጎረሰችው። እሱ ዋጠና አፉን እንደከፈተ ቀረ።

«ምን ቀረህ ደግሞ?»

«አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ እማማ። ይድገሙኝና እንታረቅ።»

ሳቋን በነጠላዋ ሸፍና ደገመችው። ከዚያ በኋላ ግን ከጀርባቸው «ወይናሞች ናቸው» ማለቷን አልተወችም።

ወደ ሰርጓል የሚወስደው መንገድ በብርጭቆ ሜዳ ያልፋል። በዚያ የመስታወት አሞሮች ይኖራሉ፤ ክንፋቸው ከሰይፍ የሰላ፣ ሲበሩ ፀሐይን የሚሰባብሩ። ዘምናይት ከድንጋይ ሥር ተኝታ ረጅም ጊዜ አስተዋለቻቸው። «የሚያዩት ሰው አይደለም» አለች በመጨረሻ። «የሚያብለጨልጭ ነገር ነው። ጭቃ ተቀባ። ሰይፍህንም ወርውር።»

«ይህን ሰይፍ ንግሥቲቱ በገዛ እጇ ነው ያስታጠቀችኝ!»

«እንግዲያው ከሱ ጋር ተቀበር።»

ቤርሳማ ሰይፉን ሳመው፣ ረገማት፣ በኃይሉ ሁሉ ወረወረው። አሞሮቹ እንደ በረዶ ናዳ በሰይፉ ላይ ሲወርዱ ሁለቱ በጭቃ ተለውሰው በሆዳቸው ተሳቡ።

በሰርጓል ተራራ ያለው የጨው ዋሻ ግን ተፍቆ ነበር። ጥንት እንደ ጨረቃ ያበራ ነበር የተባለው ግድግዳ ጥቁር ድንጋይ ብቻ ሆኗል፤ ትኩስ የዶማ ጠባሳ ይታያል፤ በሌላው በር በኩል ወለሉ ላይ የበቅሎ ፋንድያ ወድቋል። ዘምናይት በጥፍሯ ከስንጥቅ ስንጥቅ እየፋቀች ሁለት እፍኝ ብቻ አገኘች።

«ማን ቀደመን?» አለች።

«ማንም ይሁን፤ እኔ አለመሆኔን ለእናትሽ ንገሪልኝ።»

ሲመለሱ ናሆራ ጸጥ ብላ ጠበቀቻቸው። ወፍ ከሰማይ ይወድቅ ነበር። አዋጅ ነጋሪው ከኮረብታው ጫፍ፣ እግሩን ከዳር አርቆ፣ «ዘንዶ የለም! ንጉሣችንም ለሕዝባቸው ሱባኤ ገብተዋል!» እያለ ይጮሃል። ዘምናይት መብራቷን በጉልበቷ ልክ ይዛ ወደ እናቷ ደጅ ወረደች። መብራቱ ከደጃፉ ሲደርስ ሰማያዊ ሆነ። ዶሮዎቹ በየቦታቸው ተጋድመዋል፤ ደጊቱ ከፍ ያለው መደብ ላይ ተቀምጣ ታያቸዋለች።

«ቤቴን አልለቅም» አለች፤ ድምፅዋ ግን እንደ ድሮው አልነበረም።

ቤርሳማ ፈቃድ አልጠየቀም፤ አንሥቶ በጀርባው አዘላት። እስከ ኮረብታው ድረስ ጀርባውን በቡጢ እየደበደበች፣ «ሌባ አዘለኝ ብዬ ለማን ልናገር!» ትል ነበር። አውርዷት ሲመለስ የጎረቤቶቿ ልጆች በሁለቱም ክንዶቹ ላይ ነበሩ፤ እንደገናም ወረደ፣ እንደገናም ወጣ፤ የዳሩ ሰው ሁሉ ሲያየው እግሩ ተነቅሎ ተከተለው።

ፀሐይ ከአናት በላይ ስትቆም ሐይቁ ተሰነጠቀ። የገሞራድ ራስ ወጣ፤ እንደ ደሴት ሰፊ፣ በዘመናት ጭቃ የተለበጠ፣ ዓይኖቹ ገና በእንቅልፍ የተጣበቁ። ዘምናይትና ቤርሳማ ጋቢ በውሃ ነክረው አፋቸው ላይ አስረው በታንኳ ቀዘፉ። ታንኳዋ ከመንጋጋው ስትደርስ ዘምናይት ትንፋሿን ይዛ የመጀመሪያውን እፍኝ ከምላሱ ላይ አኖረች።

ዘንዶው ዓይኑን ከፈተ። አልተኛም። ተቆጣ። ጅራቱ ከጥልቁ ተነሥቶ ታንኳዋን ለሁለት ሰበራት፤ ዘምናይት ሁለተኛውን እፍኝ በጨርቅ እንደቋጠረች ከሳንቃ ላይ ተንጠለጠለች።

«አንዱ ያጣላል አላልኩም!» ብሎ ጮኸ ቤርሳማ። ቋጠሮውን ከእጇ ነጠቀ።

«የእኔ ነው! እኔ ነኝ የማልኩት!»

«አንቺ ታስተምሪያለሽ። እኔ አጎርሳለሁ። አገሬ ስትመጪ ለንግሥቴ፣ እጅሽ አይገማም በያት።» ሳንቃውን በእግሩ ገፍቶ ወደ ዳር ሰደዳት።

ግዙፉ ሰው በዘንዶው ጥርሶች መካከል ቆሞ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ወደ ጉሮሮው ሲሰድ በኮረብታው ያለ ሁሉ አየ። መንጋጋው ተዘጋ፤ በቁጣ አይደለም፤ እንደ ጠገበ ሰው ቀስ ብሎ። ትንፋሹ በሐይቁ ላይ ነጭ ሆኖ ረጋ። ገሞራድ ድንጋይ ሆነ፤ ቤርሳማም ክንዱ እስከ ትከሻው ተይዞ በድንጋዩ ውስጥ ቀረ። ሊያወጡት አልቻሉም። እስከ ዛሬ እዚያው አለ፤ ግንባሩን በዘንዶው ከንፈር ላይ አስደግፎ።

በሳምንቱ አጋዝር ከሱባኤው ወጣ፤ ወፍሮ ነበር። በሚቀጥለው ሸንጎ ዘንዶውን በዓይኑ ትኩር ብሎ አይቶ እንዳስተኛው ተናገረ፤ እነዚያው ነገሥታት እነዚያኑ ፈገግታዎች ፈገግ አሉ። አዋጅ ነጋሪውም ወደ ዳር ወርዶ «ጨውን የሰረቁት ወይናሞች...» ብሎ ሲጀምር ደጊቱ መንገዱን ዘጋችበት።

«አንተን አዝሎህ ያውቃል?» አለችው። ነጋሪቱን ይዞ ተመለሰ።

አጋዝር በእርጅና፣ በሐር አልጋ ላይ ሞተ፤ ሙሾ ወረደለት፤ አደባባይም በስሙ ተጠራ። አንድማርና ንግሥት ሐሊማር ከእሱ በፊት ሞተው ነበር። ደጊቱም ሞታለች። ፀጉሯ የሸበተው ዘምናይት በቀድሞው ጋጣ እንደገና ልጆች ታስተምር ነበር።

አንድ ክረምት ዝናቡ የቤተ መንግሥቱን የኋላ ግድግዳ ናደው፤ ስንጥቁን እንድትለካም ጠሯት። ከንጉሡ መኝታ ጀርባ ማንም የማያውቀው ክፍል ነበር። ስንጥቁ ሁሉ፣ ከወለል እስከ ጣሪያ፣ በሰም ተደፍኗል። በሦስቱ ግድግዳዎች የተደረደሩት ጆንያዎች በእርጥበት ተቀድደው ሉል ጨው ወለሉ ላይ ፈስሷል፤ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ለመዝራት ይበቃ ነበር።

በክፍሉ መካከል ከተዘረጋው አልጋም ራስጌ፣ ልክ በጉልበት ከፍታ፣ አንድ ትንሽ የዘይት መብራት ተሰቅሎ ነበር።