የኦሜል አጭር ትንፋሽ

በዘመን መለወጫ ማለዳ የኤልማር መንግሥት መለከት ነፊ ግንቡ ጫፍ ላይ ወጥቶ የወርቁን መለከት ከከንፈሩ አገናኘ። ጉንጮቹ ተነፉ፤ ዐይኖቹ ቀሉ፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ሕዝቡ አንጋጦ ሲጠብቅ ሰውየው ደረቱን ይዞ ተንበረከከ። በዚያው ዕለት ጉምዛር የተባለው ግራጫ አውሬ በሹቃል ተራራ ላይ ተጋድሞ ታየ። አካሉ ጉም ነው፤ ምግቡም የሰው ትንፋሽ። ብዙም ሳይቆይ ከተማው በሙሉ አየር እያጠረው ያቃስት ጀመር።

በኤልማር ከባሕር ማዶ የመጡ ሁለት የፈውስ ጥበቦች ነበሩ። የዮጋ ቤት ሰዎች አካልን በማዘዝና ትንፋሽን በማርዘም ያክማሉ፤ ሕመምተኛው እንዳይተነፍስባቸው ግን ሁልጊዜ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቀመጣሉ። የቡድሃ ተመስጦ ቤት መነኮሳት ደግሞ ከሕመምተኛው ፊት ለፊት ተቀምጠው ስቃዩን ወደ ውስጥ ይስባሉ፤ ወደ ርኅራኄ ለውጠውም ወደ ውጭ ይተነፍሱታል። ሁለቱ ቤቶች ግድግዳ እየተጋሩ ሰላምታ አይለዋወጡም። ስለ ፍቅር ሲያስተምሩ ግን የሁለቱም አንደበት ማር ነው።

ንጉሡ ከየቤቱ አንድ ሰው ወደ ተራራው እንዲዘምት አዘዘ። ከዮጋ ቤት ወጣቷ ናዝራ ተመረጠች። አልጋ ላይ የዋለችው እናቷ ትንፋሽ ሲቆራረጥ እያየች ስለነበር ማንም ባይመርጣትም መሄዷ አይቀርም ነበር። ከመነኮሳቱ ኦሜል የሚባል ቀጭን ሰው ወጣ። ሊነሡ ሲሉ የናዝራ መምህር ዶልካን ጠጋ ብለው ከመቀነቷ ሥር ጩቤ ሻጡላት።

«ልጄ፣ አውሬው ብቻውን ይመስልሻል? እነዚያ መላጦች ወደ ሰው ዞረው ምንድን ነው የሚስቡት? ትንፋሽ ነዋ! ይህ አብሮሽ የሚሄደው ከጉምዛር ጋር ሲሻረክ ካየሽው እንዳትምሪው። በእናትሽ ነፍስ መሐላ ግቢልኝ።»

«በእናቴ ነፍስ እምላለሁ» አለች ናዝራ።

መንገዱን ሁሉ ከኦሜል ኋላ እንጂ ፊት አልሄደችም። ዶርሳ የምትባል መንደር ሲደርሱ በአንድ ቤት ደጃፍ አንዲት አሮጊት ታቃስት ነበር። ኦሜል ጓዙን እንኳ ሳያወርድ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ወደ ውስጥ ሳበ። የአሮጊቷ ፊት ፈታ አለ። እሱ ግን ወዲያው ሳል አንቆት ተነሣ፤ አሮጊቷም ፀሐይ ሳትጠልቅ ዐረፈች።

«ምን አደረግሃት?» ስትል ናዝራ አፈጠጠችበት።

«ሕመሟን ልቀበላት ሞከርኩ። አልጨረስኩትም።»

«ሕመም ነው የወሰድክባት ወይስ ትንፋሽ?»

ኦሜል ፈገግ አለ። «እናንተ ጀርባችሁን ሰጥታችሁ ይህን በምን ዐወቃችሁ?»

ፈገግታው ይበልጥ አናደዳት። ንጹሕ ሰው ቢሆን ኖሮ ይቆጣ ነበር ብላ አሰበች፤ እጇንም ወደ መቀነቷ ሰደደች።

የሹቃል ጫፍ ላይ ጉምዛር እንደ ጠገበ በሬ ተጋድሞ ያመነዥክ ነበር። በጉሙ ውስጥ የሺህ ሰው ሲቃ ይሰማል፤ ናዝራ ከመካከሉ የእናቷን ለየችው። ባለችበት ቆመች። ኦሜል ግን ቀጥ ብሎ ሄዶ ከአውሬው አፍ ፊት ተቀመጠ፤ ወደ ውስጥም ሳበ። ጉሙ እየተጎተተ በአፍንጫው ገባ። ያ አገር ያስጨነቀ አውሬ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ዝም አለለት። የእናቷም ሲቃ ከጉሙ ውስጥ ጠፋ።

ወሰዳት! ናዝራ ከዚህ በላይ አላሰበችም። ጩቤውን መዝዛ ጎኑ ላይ ሰካችው።

ኦሜል ወደ ኋላ ወደቀ፤ የያዘውንም ትንፋሽ ለቀቀ። ከአፉ የወጣው አየር ጥርት ያለ ነበር። በውስጡ የእናቷ ድምፅ ሲቃው ለቅቆት፣ ቁልቁል ወደ ከተማው ሲወርድ ሰማችው።

«ወደ ቤቷ… እየመለስኳት ነበር» አለ ኦሜል። «ለሁሉም አልበቃም። ትንፋሼ አጭር ነው። ያንቺ ረጅም ነው። ፊትሽን ወደ እሱ አዙሪ።»

ይቅርታ ልትለው አፏን ስትከፍት ጉምዛር መነሣት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ አላለችውም። ተቀመጠች፤ አከርካሪዋን አቀናች፤ ሆዷን፣ ጎኗን፣ ደረቷን ከታች ወደ ላይ ሞላች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ የሌላውን ስቃይ ፊት ለፊት እያየች ሳበች። የማታውቃቸው ሰዎች ሕመም ገባባት፤ እንደ ራሷም አመማት። ወደ ርኅራኄ ለውጣ መለሰችውና እንደገና ሳበች። ጉምዛር እየሳሳ፣ እየሳሳ ሄዶ ጠፋ። ዘወር ስትል ኦሜል ሞቶ ነበር።

ከተማው በእልልታ ተቀበላት። እናቷ ከአልጋዋ ተነሥታ አቀፈቻት። ብቻዋን መመለሷን ያዩት መምህር ዶልካን በአደባባይ ቆመው «ኤልማር ሆይ! አውሬውንም ሌባውንም ያጠፋችው ልጃችን ይህች ናት!» ሲሉ ናዝራ አቋረጠቻቸው።

«ሌባ አልገደልኩም፣ መምህር። የገደልኩት ያዳነንን ሰው ነው። እናቴን ወደ ቤቷ ሲመልስልኝ ነው የወጋሁት። እርስዎም እኔም ሳናውቀው ፈረድንበት።»

ናዝራ ሕዝቡን ሰንጥቃ ወደ መነኮሳቱ ቤት ሄደች። የኦሜል ታላቅ እህት ሄርያ፣ እሷም መነኩሲት ናት፣ በሩን ከፈተችላት። ናዝራ አንድም ሳታስቀር ነገረቻት።

ሄርያ እንደ ቤቷ ሥርዓት ፊት ለፊቷ ተቀመጠች። ወደ ውስጥ ልትስብ ሞከረች፤ ትንፋሹ መንገድ ላይ ተቆረጠና ልቅሶ ሆነ። ደግማ ሞከረች፤ አሁንም አቃታት።

«ዛሬ አልችልም» አለች በመጨረሻ። «ላይሽም አልፈልግም። ነገ ግን ነይ። ትንፋሽ ማርዘሙን አስተምሪን፤ ወንድሜ ያጣው እሱን ነው።»

ናዝራ በማግስቱ ማለዳ በሩ ላይ ነበረች።