በዓሣ ገንዳዬ ውስጥ ያለው ስም የለሽ

ወዳጄ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት በግብርና ጽሕፈት ቤት የሰብል ተባይ ባለሙያ ሆኜ ያገለገልሁ ሰው ነኝ፤ ገበሬው «መቅሠፍት ወረደብን» እያለ ሲመጣ ትሉን በጠርሙስ አስመጥቼ፣ በማጉያ መነጽር መርምሬ፣ ስሙን ጽፌ ፈርሜ የምሰጥ ሰው ነበርሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው በጋኔንና በዛር ወሬ አይደነግጥም፣ ዛሬም አልደነገጥሁም፣ ዘመሮ ገበያ ላይ ስለ እኔ የሚነግሩህን አትስማ። ይህን የምልህ ለመኩራራት አይደለም፤ እሺ፣ ጥቂት ለመኩራራትም ነው።

ነገሩ የተጀመረው ልጄ ዮናስ አዲስ አበባ ጠባብ ቤት ሲገባ የባሕር ዓሣ የሚያረባበትን የመስታወት ገንዳ አምጥቶ ሳሎኔ ውስጥ ያስቀመጠው ዕለት ነው። «አባባ፣ እርስዎ ሰዓት የሚያከብሩ ሰው ነዎት፣ ከእኔ ይልቅ በእርስዎ እጅ ይኖራሉ» አለኝ፣ እውነቱንም ነው። ገንዳው ጨው በልክ ይፈልጋል፣ ሙቀት ይፈልጋል፣ የእኛን የመንዝን ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ መብራት በሄደ ቁጥር ገንዳውን በበግ ጠጉር ዝተት እጠቀልለዋለሁ፣ ባለቤቴ አስካለ «እኔን አንድ ቀን እንዲህ አልብሰኸኝ ታውቃለህ?» እያለች ትስቃለች። በውስጡ የነበሩት ሁለት ብርቱካንማ ዓሦችና ከቀይ ባሕር መጣ የተባለ፣ ቀዳዳው የበዛ አንድ ድንጋይ ነበሩ።

በሦስተኛው ሳምንት አንደኛው ዓሣ ጠፋ። ሬሳውም አጥንቱም የለም። በማግሥቱ ከድንጋዩ ውስጥ አንድ ድምፅ ሰማሁ፣ ሰው በእርሳስ ጠረጴዛ ሲመታ የሚሰማው ዓይነት። መነጽሬን አድርጌ ስጠጋ ከትልቁ ቀዳዳ ነጭ ነገር ብቅ ብሏል፤ ርዝመቱ የትንሽ ጣቴን ያህል ነው፣ ሁለት መገጣጠሚያ አለው፣ ዓይን የለውም። አልሸሸኝም። ድንጋዩን አንድ ጊዜ መታና ተመልሶ ገባ።

እንደ ልማዴ ደብተር ከፈትሁ። ትል ነው እንዳልል መገጣጠሚያ አለው፣ ሸርጣን ነው እንዳልል ቅርፊት የለውም። ዮናስ ፎቶውን ለዓሣ ነጋዴዎች አሳየልኝ፤ አንደኛው «በጥፍሩ የሚመታ የባሕር ፍጥረት አለ፣ እሱ ይሆናል» አለ፣ ሁለተኛው «ትል ነው» አለ፣ ሦስተኛው ረጅም ሰዓት አይቶት «ይህን ከየት ነው ያመጣችሁት?» ብሎ መልሶ ጠየቀ።

ቆይ፣ ዋናው ነገር ገና ነው። ደብተሬን ሳገላብጥ አንድ ሥርዓት አየሁ፦ ብቻዬን ስገባ አንድ ጊዜ ይመታል፣ አስካለ ስትከተለኝ ሁለት ጊዜ፣ ጎረቤታችን እታለማሁ ወንፊት ልትዋስ የገባች ጊዜ ሦስት። አልገረመኝም፣ የሳሎኔ ወለል ጣውላ ነው፣ የእግር ንዝረት ውሃው ድረስ ይደርሳል፣ ነገሩ ይኸው ነው። ስሕተቴ ይህን ለእታለማሁ ማስረዳቴ ነበር።

«ሰው ይቆጥራል ነው የሚሉኝ ጋሼ?»

«ንዝረቱን ነው የሚቆጥረው።»

«ዓሣውን በልቶ ጨርሶ አሁን እኛን የሚቆጥረው ለደግ ነው?»

እስከ ማታ ድረስ ወሬው አገር አዳረሰ፤ አቶ ደምሰው ጋኔን በመስታወት ዘግቶ ይቀልባል ተባለ። በዚያው ሰሞን ደግሞ የሚካኤል ማኅበራችን ተራ የእኔ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት አንድም ተራ አጓድዬ አላውቅም። የንስሐ አባታችን መምሬ ጥላሁን ተልከው መጡ።

«አቶ ደምሰው፣ ወይ ስሙን ይንገሩን፣ ወይ ይድፉት፤ አለዚያ ማኅበሩ ጽዋውን እዚህ ቤት አያስገባም፣ እርስዎንም ያሰናብታል።»

«አባ፣ ስሙን ስላላወቅሁት ፍጥረት አልደፋም። እግዚአብሔር ሲፈጥረውም እኔን አላማከረኝም።»

ሳቃቸው አመለጣቸው። መጥተው በዓይናቸው አይተው እንዲፈርዱ ተስማማን።

የማኅበሩ ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ማኅበርተኞቹ መጡ። ከጓሳ የወረደው ጉም ደጁን ሞልቶት በር ላይ ለቆመ ሰው አጥሩ አይታየውም፣ መብራት የለም፣ የገንዳው ሞተር ጸጥ ብሏል። ዝተቱን በአንድ በኩል ገልጬላቸዋለሁ። መምሬንና እታለማሁን ጨምሮ ከእኔ ጋር አሥራ ሁለት ነን፤ አስካለ ግቢው ጫፍ ማድ ቤት ናት። መምሬ ዳቦውን ባርከው ቆረሱ፣ በማኅበራችን ልማድ ሳይጠራ ለሚመጣ እንግዳ የሚሆነውን ቁራሽ በር አጠገብ ባለችው ባዶ በርጩማ ላይ አስቀመጡ፣ በሩ ተዘጋ፣ ጸለይን፣ «አሜን» ብለን ተቀመጥን።

ያን ጊዜ መምታት ጀመረ። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ ከንፈሬን ሳላንቀሳቅስ እቆጥራለሁ፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። «ይኸው፣ አላልኳችሁም?» አለች እታለማሁ፣ ሳትጨርስ ደግሞ አንድ መታ።

አሥራ ሦስት።

መምሬ በመስቀላቸው እየጠቆሙ ቆጠሩን። አሥራ ሁለት ነን። ፍጥረቱ ከአንድ ጀመረ፣ ቀስ እያለ፣ ለማያውቅ ልጅ እንደሚያስተምር፣ እንደገና አሥራ ሦስት መታ። በርጩማዋ ሥር ያለው ጣውላ ደግሞ ሰው ሲቀመጥ የሚያሰማውን ድምፅ አሰማ፤ እመነኝ፣ ያን ጣውላ በምስማር የመታሁት እኔ ነኝ፣ ድምፁን አውቀዋለሁ።

ከዚያ መምሬ ብድግ አሉ። «ሊቀ መላእክት ከመካከላችን ነው!» እታለማሁ እልልታዋን አቀለጠችው፤ ያች ትናንት ጋኔን ያለችው! ወዲያው ከነጠላዋ ሥር የፕላስቲክ ጠርሙስ አውጥታ ወደ ገንዳው ሄደች።

«ልጄ ከተኛች ወር አለፋት ጋሼ፣ ከዚህ ውሃ ትቅመስ።»

ገንዳው ፊት ቆምሁ። «እታለማሁ፣ ይህ የዓሣ ኩስ ያለበት ጨው ውሃ ነው። እንኳን በሽተኛ ጤነኛም አይጠጣውም። ልጅቷን ጤና ጣቢያ እኔው ራሴ አደርሳታለሁ።»

«ጋኔን ነው ስንል አይደለም አሉ፣ መልአክ ነው ስንል አይደለም ይላሉ፣ ታዲያ ምንድን ነው?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ አሥራ ሦስተኛው ማነው?»

«አላውቅም አልሁሽ። የማላውቀውን አልፈርምም፣ በማላውቀው ነገርም ልጅ አላስመርዝም።»

«ልብዎ ደንዳና ነው፣ አቶ ደምሰው» አሉና መምሬ ጽዋውን አነሡ። አንድ በአንድ ወጡ፣ በር ላይ ቆሜ ወደ ጉሙ ሲገቡ ቆጠርኋቸው፣ አሥራ አንድ ናቸው፣ በትክክል አሥራ አንድ። ከማኅበሩ ስሜን መሰረዛቸውን በማግሥቱ ሰማሁ። ልጅቷን ግን ጤና ጣቢያ አደረስኋት፣ እናቷ መንገዱን ሙሉ ሳታናግረኝ።

ስማኝ፣ ገንዳውን አልደፋሁም፣ አልደፋም። ደብተሬ ላይ ስሙ የሚጻፍበት መስመር ባዶውን ነው፣ ደስ ያለው መጥቶ ያውቀው። ያን ዕለት እንግዶቼን ሸኝቼ በሩን ዘግቼ ስመለስ፣ አስካለ ገና ማድ ቤት ሳለች፣ ሁለት ጊዜ መታ፤ ከዚያ ወዲህ ብቻዬን በገባሁ ቁጥር ሁለት ነው። አስካለ ሳሎን መግባት ትታለች። እኔ ግን በገዛ ቤቴ ከሳሎኔ የሚያስወጣኝ የለም፣ ጠዋት ጠዋት እገባለሁ፣ ሙቀቱን እለካለሁ፣ ጨዉን እለካለሁ፣ ፊቴን ወደ ገንዳው አድርጌ እቀመጣለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ልደብቅህ አልፈልግም። በዚያው ሳምንት ያችን በርጩማ ወደ ዕቃ ቤት ልወስዳት አስቤ ነበር። ሕፃን የሚያነሣት ቀላል በርጩማ ናት። ጎንበስ ብዬ በሁለት እጄ ያዝኋት።

ከበደችኝ።